አንድ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ

ከባሕር ዳር ጂማ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ኢንተርኔት ላይ ብትጠይቁ መልስ አታጡም። «440 ኪሎ ሜትር፤ 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ» ይላችኋል። ቁጥሩ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ ከጣና ዳር ተነስታ ቀጥ ብላ ወደ ደቡብ የምትወርድ ቀይ መስመር አለች። እንዲህ ያለውን ገጽ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ቁጥሩን የሚያሰላውን ኮድ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ውሸት ነው ስል ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር ብቻ አይደለም፤ ውሸቱ እንዴት እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው።

አሠራሩ ምስጢር የለውም። እያንዳንዱ አየር ማረፊያ የራሱ ኬክሮስና ኬንትሮስ አለው። ባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ሰሜን፣ 37.3 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ላይ ነው፤ ጂማ 7.7 እና 36.8። እነዚህ አራት ቁጥሮች ሃቨርሳይን ለሚባል ቀመር ይሰጡታል። ቀመሩ ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያላት ኳስ አድርጎ ይወስድና በኳሷ ገጽ ላይ ያለውን አጭሩን ርቀት ያወጣል። ኮዱ ቢበዛ አሥር መስመር ነው፤ ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይጽፈዋል። ከዚያ ርቀቱ ለ800 ይካፈላል፤ አውሮፕላን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል ተብሎ። ለመነሳትና ለማረፍ 30 ደቂቃ ይጨመራል። 440 ለ800 ሲካፈል 33 ደቂቃ ይሆናል፤ 30 ሲጨመር 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የጎደለውን ልብ በሉ። በኮዱ ውስጥ «በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል አውሮፕላን አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም። የፍጥነቱ ቁጥር ራሱ ከሌላ ሰማይ የመጣ ነው። አብዛኛውን የአገራችንን የውስጥ መስመር የሚበርረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፤ እሱ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን ቢያወጣ 670ን ቢጠጋ ነው። ግን ይህ ትንሹ ስህተት ነው፤ በአሥር በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚታረም። ትልቁን ስህተት የተማርኩት ባለፈው ክረምት ነው።

እናቴ ባሕር ዳር ነው የምትኖረው፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ታላቅ እህቷ በወጣትነቷ ነርስ ሆና ጂማ ተመድባ ሄደች፤ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች፣ እዚያው ቀረች። ያንን ገጽ ሠርቼ የጨረስኩ ሰሞን ባሕር ዳር ሄጄ በስልኬ ለእናቴ አሳይቻት ነበር። ሁለቱን ከተሞች እሷው ራሷ ነች የመረጠችው። «አንድ ሰዓት? ጂማ አንድ ሰዓት ብቻ ነው?» አለች። «በአየር ቅርብ ነው እማዬ» አልኳት። ኩራት ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም። እሷ ቁጥሩን እንደ አስተማሪ ያዘችው፤ አልረሳችውም።

አክስቴ በሐምሌ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አረፈች። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲሆን የአክስቴ ልጅ ለእናቴ ደወለላት። ሽማግሌዎች አጠገቡ ቁጭ ብለው የቀብሩን ሰዓት ሊወስኑ እሷን እየጠበቁ ነበር። «አክስቴ፣ ዛሬ መድረስ ትችያለሽ ወይስ ለነገ እናድርገው?» አላት። እናቴም ያወቀችውን መለሰች። «አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 6 ሰዓት እደርሳለሁ። ሬሳ አይደር።» እነሱም አስበውላት ሦስት ሰዓት ጨመሩና ቀብሩን 9 ሰዓት አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ነው ለእኔ የደወለችልኝ። አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ከእንቅልፌ ዘልዬ ትኬት ፍለጋ ገባሁ። በዚያ ቀን ቀጥታ በረራ የለም። ከባሕር ዳር ቦታ የተገኘው ረፋድ 4 ሰዓት በሚነሳው ላይ ነው፤ ቦሌ 5 ሰዓት ይገባል። ወደ ጂማ የሚሄደው የጠዋቱ ቀድሞ ይነሳል፤ ቀጣዩ ከሰዓት 10 ሰዓት ነው። ደውዬ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አንተ አይደለህ እንዴ አንድ ሰዓት ነው ያልከኝ?» አለችኝ።

ጂማ መልሰን ስንደውል ነገሩ ከእጅ ወጥቷል። የዕድሩ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያኑም ለሰዉም ተናግረዋል፤ መቃብሩ እየተቆፈረ ነው፤ ከአጋሮ ዘመድ ተነስቶ መንገድ ላይ ነው። ያም ሆኖ ጠበቋት። በዝናብ ውስጥ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ጠበቋት። ከዚያ በላይ አልተቻለም። አፈሩ ሲመለስ እናቴ ሰማይ ላይ ነበረች። 11 ሰዓት አረፈች፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ድንኳኑ ደረሰች።

ሂሳቡን እንሥራው። ከቤቷ የወጣችው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ድንኳኑ ጋ የደረሰችው ከ10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው። አየር ላይ የቆየችው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። 440 ኪሎ ሜትሩን ለ10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ስናካፍለው በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ይወጣል። በሚኒባስ ፍጥነት ማለት ነው፤ ያውም በሚያዘግም ሚኒባስ። ልብ በሉ፣ በዚያ ቀን ማንም አላጠፋም። ሁለቱም በረራዎች በሰዓታቸው ተነስተው በሰዓታቸው አረፉ። አልተሰረዘም፣ አልዘገየም፣ ሻንጣም አልጠፋም። ሁሉም ነገር እንደታቀደው ሄደ፤ እናቴ ግን እህቷን አልቀበረችም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ብልሽት ቢሆን ኖሮ ተናድጄ እረሳው ነበር።

አሁን አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ ከክልል ከተማ ወደ ክልል ከተማ ቀጥታ በረራ ይኑር ነው የምትለው?» ሊለኝ ነው። አይደለም። እሱን የሚል ሰው ሂሳብ አልሠራም። 20 የክልል አየር ማረፊያዎች አሉን እንበል። ሁሉንም እርስ በርስ ቀጥታ ላገናኝ ያለ ሰው 190 መስመር ያስፈልገዋል። ሁሉንም በአንድ ማዕከል ላገናኝ ያለ ግን 20 መስመር ይበቃዋል። ኪው 400 ወደ ሰባ ሰው ይጭናል፤ ከባሕር ዳር ጂማ በየቀኑ ሰባ ሰው ይሄዳል ብዬ አልከራከርም። በቦሌ በኩል ማለፍ ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ አየር መንገዶች የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ቁጥር አለ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጂማ 262 ገደማ። ድምሩ 595። ከቀጥታው 440 ጋር ስናነጻጽረው በአዲስ አበባ በኩል መዞር የሚጨምረው 155 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህ በኪው 400 ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። አንድ ጊዜ ተጨማሪ መውረድና መነሳቱንም ግማሽ ሰዓት ብላችሁ ጨምሩበት፤ ቢበዛ አርባ አምስት ደቂቃ። አውሮፕላን መቀየሪያ አንድ ሰዓት ስጡት። እንግዲህ ዙሩ ሁሉ ተቆጥሮ ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ ሦስት ሰዓት ግድም ይበቃ ነበር። እናቴን የፈጀባት ግን ሰባት ሰዓት ነው። ትርፉን አራት ሰዓት የበላው የምድር ክብነት አይደለም፤ ተራራ አይደለም፤ የማዕከል አሠራርም አይደለም። አንዱ አውሮፕላን ሲገባ ሌላው አለመኖሩ ነው። ይህ ደግሞ የተፈጥሮ ነገር አይደለም። ቁጭ ብሎ የሰዓት ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው የሚወስነው ነገር ነው።

ሊወሰን እንደሚችል ደግሞ ቦሌ ራሱ ምስክር ነው። ለውጭ በረራ ቦሌ የሚሠራው በማዕበል ነው። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከእስያ ሌሊቱን የበረሩት ማለዳ ተከታትለው ይገባሉ፤ መንገደኛው ይወርድና ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች በሚነሱት ይበተናል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከአፍሪካ የመጣው ተሰብስቦ ሌሊት ወደ ሰሜን ይነሳል። ይህ በአጋጣሚ አልሆነም። ከዋሽንግተን ተነስቶ ጆሃንስበርግ የሚሄደውን ሰው ቁጭ ብለው አስበውታል፤ መቼ ደርሶ መቼ እንደሚነሳ አስልተውለታል። ጥሩ አደረጉ፤ እኔም እኮራበታለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ከባሕር ዳር ተነስታ ጂማ የምትሄደውን ሴትዮ ማን አሰባት?

ለእኔ የሚታየኝ፣ ማንም አላሰባትም። የአገር ውስጥ ጉዞን ስናስብ በአእምሯችን ያለው መንገደኛ ወይ አዲስ አበባ የሚመጣ ነው ወይ ከአዲስ አበባ የሚሄድ። ባለጉዳይ፣ ስብሰባተኛ፣ ቱሪስት። ከክልል ከተማ ወደ ክልል ከተማ የሚሄድ ሰው በሐሳባችን ውስጥ የለም። ትኬቷን ለየብቻ ከቆረጠች ደግሞ በመዝገብም አትገኝም፤ ጠዋት አንድ አዲስ አበባ የገባች ሴት ትሆናለች፣ ከሰዓት አንድ ከአዲስ አበባ የወጣች ሴት። ሁለት ሰው። ከዚያ «በዚህ መስመር ፍላጎት የለም» ይባላል። የማይቆጠር ሰው ፍላጎቱ ከየት ይታወቃል?

ነገሩ የበረራ ብቻ አይደለም፤ ልማት የምንለካበት መንገድ ነው። አየር ማረፊያ ሲመረቅ የማኮብኮቢያው ርዝመት ይነገረናል፤ ተርሚናሉ ስንት መንገደኛ እንደሚያስተናግድ ይነገረናል። «ከዚህ ከተማ ተነስቶ ወደ ሌላው ክልል ከተማ የሚሄድ ሰው በስንት ሰዓት ይደርሳል?» ተብሎ ሲነገር ግን እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። ኮንክሪት እንቆጥራለን፤ ሰዓት አንቆጥርም። ማኮብኮቢያ ቃል ነው፣ ቃሉ የሚፈጸመው በሰዓት ሰሌዳ ነው።

«ይህ የሀብታም ችግር ነው፤ ስንቱ ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው?» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። እውነት ነው፣ አብዛኛው ሕዝብ ተሳፍሮ አያውቅም። ነገር ግን የእናቴን ትኬት የገዛነው አራት ወንድምና እህት አዋጥተን ነው፤ ከጡረታዋ አይወጣም። የተሳፈረችውም ለምቾት አይደለም። በየብስ በአዲስ አበባ በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። በምዕራብ በኩል በቡሬ፣ በነቀምቴና በበደሌ የሚያቋርጠው መንገድ ያጥራል፤ ግን ባለፉት ዓመታት በዚያ በኩል ተጓዥ እናቱን «ሂጂ» የሚል ልጅ አላውቅም። መንገድ በማይታመንበት ጊዜ አውሮፕላን ቅንጦት መሆኑ ይቀራል። በሽተኛ ይዞ የሚሄድ፣ ለፈተና የሚሄድ ተማሪ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው የሚሳፈርበት ይሆናል።

«ድሮ ያልነበረ ነገር ነው የምትጠይቀው» የሚለኝ ካለ ደግሞ ታላላቆቹን ይጠይቅ። አንድ አውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያረፈ የሚዞርበት ጊዜ ነበር። በርግጥ መስመሩ የተዘረጋው ቱሪስት ታስቦ ነው፤ ቢሆንም ጎንደሬውም አክሱሜውም ተጠቅሞበታል። ለፈረንጅ ጎብኚ ሲሆን ከተማ ከከተማ ማገናኘት ይቻላል ማለት ነው። ለለቀስተኛ ሲሆን ምን ይከብዳል?

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ፤ ዋናው ጠቤ ከዚያ ነው። እኛ የሶፍትዌር ሰዎች የአጭር መንገድን ጥያቄ በደንብ እናውቀዋለን። ኔዘርላንዳዊው ዳይክስትራ መፍትሔውን ያሳተመው በ1959 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል፤ ፈተናም ወድቀንበታል፣ አልፈንበታል። የተማርነው ምንድን ነው? መጀመሪያ ነጥቦቹ መካከል መስመር መኖሩን አረጋግጥ፤ ከዚያ ክብደቱን ደምር። መስመር በሌለበት ክብደት የለም። ርቀቱ ወሰን የለውም ተብሎ ይጻፋል። እኛ ግን ምን አደረግን? መስመር በሌለበት ቦታ ቀይ መስመር ሣልን፣ ላዩ ላይ ደቂቃ ጻፍንበት። በፈተና ወረቀት ላይ ብናደርገው ዜሮ የምናገኝበትን ነገር በስልክ ላይ ለእናቶቻችን ሸጥን።

ደግሞ ደቂቃ መጻፍ ትልቅ ማታለያ ነው። «አንድ ሰዓት ገደማ» ብንል ኖሮ ሰው ይጠራጠር ነበር። «1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ» ስንል ግን ሦስቷ ደቂቃ ታሳምናለች። ሦስት ደቂቃ የቆጠረ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ይረሳል ብሎ ማን ያስባል? እናቴ ያመነችው ሰዓቱን አይደለም፤ ሦስቷን ደቂቃ ነው።

ከለቅሶው ስመለስ ገጹን አስተካከልኩት። ቀጥታ በረራ ከሌለ ደቂቃው ጠፍቶ «ቀጥታ በረራ የለም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ከሥሩ ከቤት እስከ ቤት የሚፈጀው ጊዜ፣ ከሥሩ ደግሞ «ከዚህ ሰዓት በኋላ ከተነሱ ዛሬ አይደርሱም» የሚል አንድ መስመር። አለቃዬ አየውና «ሰው አጭር ቁጥር ነው የሚወደው፤ ይህን ሲያይ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል» አለኝ። አልተሳሳተም። ሰው አጭር ቁጥር ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ። ተከራከርን፤ በመጨረሻ «ቀጥታ በረራ የለም» የምትለዋ መስመር በትንሹ ጽሑፍ እንድትቆይ ተስማማን፤ አንድ ሰዓት ከሦስቱም በትልቁ ተመለሰ። ግማሽ እውነት አሸነፍኩ ማለት ነው። ቀሪውን ግማሽ ፍለጋ ነው ይህን የምጽፈው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሰዓት ሰሌዳ የሚያወጡ ሰዎች በቀን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የአገር ውስጡንም እንደ ውጭው ያገናኙልን፦ ከሰሜን የሚመጡት ማለዳ ይግቡ፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይነሱ፤ ከሰዓት በኋላ በተቃራኒው። አውሮፕላን ግዙ አላልኩም። ያሉትን ሰዓት አስተካክሉ ነው ያልኩት። ለዚህ ደግሞ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ አንዳንድ አውሮፕላን ቦሌ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቆሞ የሚጠብቅ አውሮፕላን ገንዘብ ነው። አሁን ግን የሚጠብቀው ሰው ነው፤ የሰው ሰዓት ሂሳብ ውስጥ ስለማይገባ ርካሽ ይመስላል። የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ደግሞ እነዚያን 190 ጥንዶች በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡልን፤ ከከተማ ከተማ፣ በእውነተኛው ሰዓት። አፍረን እናየዋለን፤ ከዚያ ማሳጠር እንጀምራለን። የሙያ ጓደኞቼ ሆይ፣ እናንተ ደግሞ መስመር በሌለበት ደቂቃ አትጻፉ። አሥር መስመር ኮድ የሚጽፍ እጅ አስራ አንደኛውን መጻፍ አያቅተውም።

ለአክስቴ አርባ እናቴ እንደገና ጂማ ሄደች። ከሳምንት በፊት ደወለችልኝና ጠየቀችኝ፤ «ጂማ ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ቀን ነው እማዬ» አልኳት። «ዋዜማውን ውጪ።»

ትንሽ ዝም ብላ «ያኔም እንዲህ ብትለኝ ኖሮ» አለች፣ «ለነገ አድርጉት እላቸው ነበር።»